ከፋራ አልሆንህም

ወይዘሮ ዘሀራ ሙዓዝን ለምን እንደሚፈሩት ማንም አያውቅም። ሙዓዝ ራሱም አያውቅም። ከደሴ ጨርቅ ጭኖ ኮምቦልቻ በወረደ ቁጥር በርበሬ ወንዝ ሰፈር ካለችው ጠባብ ስፌት ቤታቸው ጎራ ይላል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል፤ የተሸከመውን ጣቃ ሳያወርድ ስለ ጤናቸው ይጠይቃል። እሳቸው "አልሐምዱሊላህ" ይሉና ፊታቸውን ያዞራሉ። ሲዞሩ ደግሞ እጃቸው ሳያውቁት ጭናቸው ላይ ያርፋል፤ ትኩስ ነገር የፈሰሰበት ይመስል ቀሚሳቸውን ከገላቸው ያላቅቁታል።

ልጃቸው ሰልዋ ይህን ሁሉ ታያለች። ሰልዋ የምትኖረው በማየት ነው። ግራ ጆሮዋ ከተወለደች ጀምሮ ምንም አይሰማም፤ ቀኙ በመስሚያ መሣሪያ የድምፅ ጭላንጭል ያገኛል። የሰውን ቃል የምትለቅመው ከከንፈሩ ላይ ነው። ስትወለድ ግራ ዓይኗ ሞራ ለብሶ ነበር፤ ተገፈፈላት። ልቧ ላይም መዘጋት የነበረበት ቀዳዳ ክፍት ቀርቶ ነበር፤ አዲስ አበባ ተወስዳ ተዘጋላት። የጆሮዋን ግን የሚመልስ አልተገኘም።

ነገሩን ለእናቷ የገለጠላቸው ሰልዋ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ያያት አንድ ሐኪም ነው። ዓይኗን፣ ጆሮዋንና ልቧን አንድ ላይ አየና፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ወራት ሩቤላ የሚባል፣ ኩፍኝ የሚመስል ቀላል ሽፍታ ይዟቸው እንደነበር ነገራቸው። ለእናትየው የአንድ ሰሞን ትኩሳት ነው። ለጽንሱ ግን ዓይንና ጆሮ፣ ልብም በሚሠራበት ሰዓት ሰተት ብሎ የገባ ሌባ ነው። ሴትየዋ ከማርገዟ በፊት አንድ መርፌ ብትወጋ አይገባም ነበር። መርፌው ዓለም ላይ ከነበረ ስንት ዘመኑ፤ ዘሀራ ዘንድ ግን አልደረሰም፣ መኖሩንም የነገራቸው አልነበረም። ሐኪሙ በመጨረሻ አንድ ነገር አጥብቆ ተናገረ፦ ከዘር አልመጣም፤ ወደ ዘርም አይሄድም።

ይህን ለሰው ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። ቋንቋችን ራሱ ተባባሪ ነው፤ ላልሰማውም ላልገባውም አንድ ስድብ አዘጋጅቶ ነው የጠበቃት፦ ደንቆሮ። አባቷ ልጅቱ ሲጠሯት እንደማትዞር ባወቀ ሰሞን ይህችኑ ቃል አነሳ፣ "በእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም" አለ፣ እናቷንም ፈታ። ደሴ ላይ የሆጤ ሰፈርተኛም አልተቃወመውም። ዘር ቆጥሮ የሚፈርድ ሰው መቼም ምስክር አጥቶ አያውቅም። ዘሀራ ልጃቸውን አዝለው በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ፤ ከዚያ ወዲህ ደሴ የሚወጡት ለሕክምና ብቻ ነበር።

ሙዓዝ ሰልዋን ያፈቀራት በስህተት ነው። መጀመሪያ በመጣ ቀን ስለ አንድ ጣቃ ጨርቅ እየተከራከረ ሳለ፣ ይህች ልጅ ዓይኗን ከከንፈሩ ላይ አልነቅል አለች። አልሰበረችውም፣ አላሳፈራትም። ሰውየው ንግግሩ ተምታታበት። ሐረጎን ሽቅብ ሲወጣ መሪውን ይዞ ራሱን በመስታወት እያየ ከንፈሩ ላይ ምን እንዳገኘችበት ሲመረምር አመሸ። እውነቱን ያወቀው በሌላ ጊዜ መጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ሲያወራ ሳትመልስለት ስትቀር ነው። አፈረ፤ ከዚያም ሳቀ።

"እኔ እኮ ወደሽኝ መስሎኝ ነበር" አላት።

"ጨርቁ ይለቃል አይለቅም ስትል ነበር የማየው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጨርቁ ለቀቀ። አፍህን ለመድኩት።"

እንዲህ ሆነው ዓመት አለፋቸው። በስልክ መነጋገር ስለማይችሉ ይጻጻፉ ነበር፤ እሱ ከደሴ ብርድ፣ እሷ ከኮምቦልቻ ሙቀት። ሽማግሌ ልላክ ሲላት እሺ አለች። እናቷ ግን ሙዓዝ የማን ልጅ እንደሆነ ከሰሙበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም።

"ይቅርብሽ ልጄ" አሏት አንድ ጠዋት፣ ጨርቅ እየቀደደች ሳለች ትከሻዋን ነካ አድርገው እንድታያቸው ካደረጉ በኋላ።

"ምክንያቱን ንገሪኝ።"

"ምክንያት የለኝም።"

"እኔን ለመከልከል ሰው ሁሉ ምክንያት አለው እማ። ምክንያት የሌለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ወይዘሮ ዘሀራ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ሰልዋ ከተገጠመ ከንፈር ማንበብ አትችልም። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን ፈራቻቸው።

ደሴ ላይ ደግሞ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቧንቧ ውሃ ሰፈርን እንደሸፈነ ነው። የሙዓዝ እናት ወይዘሮ ሰዒዳ ባላቸው ሐጂ ሀምዱ ካረፉ ወዲህ የጨርቅ ንግዱን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ይጭናል፣ እሳቸው ይወስናሉ። ሙዓዝ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ በቃሉ አጥንቶ አስረዳቸው። ሩቤላ ማለት ምን እንደሆነ፣ በስንተኛው ወር ጽንስ እንደሚጎዳ፣ ከእናት ወደ ልጅ እንጂ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እንደማይሻገር ተናገረ። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው እስኪጨርስ ጠበቁት።

"ሐኪሙ አንድ ቀን ነው ያያት። እኔ ዕድሜ ልኬን ላያት ነው" አሉ።

"ከዘር አይደለም እኮ እማ።"

"ወላሂ ልጅቱን አልጠላኋትም። የልጅ ልጄን ስጠራው ዞር እንዲልልኝ ነው የምፈልገው። ይሄ ኃጢአት ነው?"

መልሱን አልጠበቁም። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሲወርዱ እሳቸውም አብረው እንደሚሄዱ ነገሩት። የልጁ እናት ከሽማግሌ ጋር ስትሄድ ታይቶ እንደማያውቅ፣ ሰው እንደሚስቅባቸው ሊያስረዳ ሞከረ።

"እኔ ሳልዳስስ ጨርቅ ገዝቼ አላውቅም" አሉት።

ይህቺ ቃል እስከ እሑድ ድረስ ደረቱ ላይ ተቀምጣ ከረመች። የልጅቱን እናት ስም ነግሯቸው ነበር፤ ግን ወሎ ውስጥ ዘሀራ ብሎ መጠየቅ ጦሳ ላይ ድንጋይ እንደ መቁጠር ነው። ወይዘሮ ሰዒዳ የቷ ዘሀራ ብለው አልጠየቁም። ሙዓዝ እናቱን በሚወድበት ልቡ መናቅ ጀምሮ ነበር፤ ይህም አስፈራው።

እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ሸህ ሚስባህ ከፊት፣ የሟቹ የሐጂ ሀምዱ ወዳጅ አቶ በላቸው ከኋላ፣ ወይዘሮ ሰዒዳ በነጭ ነጠላ ተከናንበው ከመካከል፣ ሙዓዝ ደግሞ መግባት የሌለበት ሰው ስለሆነ ከደጅ። ወይዘሮ ዘሀራ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው አመድ ለብሶ ነበር።

ወይዘሮ ሰዒዳ ደፉ ላይ ቆሙ። አዩ። እንደገና አዩ።

"ዘሀራ? የሆጤዋ ዘሀራ?"

ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ፤ አንዷ እያለቀሱ፣ አንዷ እየተንቀጠቀጡ። ድንበር ለድንበር የኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ዘሀራ ሆጤን ለቀው ከወረዱ በኋላ የት እንደገቡ ያወቀ አልነበረም። ወይዘሮ ሰዒዳ ለመዳሰስ የመጡትን ጨርቅ ፈጽሞ ረሱት። ሙዓዝን ከደጅ ጠርተው አስገቡት፤ ይህችን ሴት እንዴት አላወቃትም ብለው ተቆጡት፤ ያደገው በእሷ ጭን እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ ተረኩላቸው።

"እንግዲያ እኛን ምን አደከማችሁን?" አሉ አቶ በላቸው ፍራሹ ላይ እየተደላደሉ። "ልጁን ገና ድሮ ተረክባዋለች። የቀረን መመረቅ ነው።"

ተሳቀ። ሰልዋ በሩ አጠገብ፣ የሁሉንም አፍ ከምታይበት ቦታ ተቀምጣ እሷም ሳቀች። ሙዓዝን አየችው፤ እሱም አያት። ለአንድ አፍታ በዚህ ዓለም ላይ የቀረ እንቅፋት ያለ አልመሰላቸውም።

ወይዘሮ ሰዒዳ ወሬያቸውን ቀጠሉ፦ "ኩፍኝ ወጥቶበት እኮ..."

ወይዘሮ ዘሀራ ብድግ አሉ።

የሚያመጡት ነገር አልነበረም። የሚያወጡትም አልነበረም። ሄደው የቆሙት በወይዘሮ ሰዒዳ አፍና በልጃቸው ዓይን መካከል ነው። ሰልዋ ይህን አቋቋም ታውቀዋለች። በልጅነቷ ገበያ ላይ፣ ሠርግ ቤት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ እናቷ ድንገት ተነስተው እንዲህ በመካከል ይቆሙ ነበር። ሌላ እናት የልጇን ጆሮ በእጇ ትሸፍናለች። የእሷ እናት በሙሉ አካላቸው ነው የሚሸፍኑት። እናቷ እዚያ ቦታ በቆሙ ቁጥር ከጀርባቸው የሚያቆስል ቃል እየተነገረ ነው።

"እማ፣ ዞር በይልኝ" አለች።

አልተንቀሳቀሱም። ሰልዋ ራሷ ተነስታ፣ በእናቷ ጎን አልፋ፣ ወይዘሮ ሰዒዳ ፊት ተንበረከከች።

"ይድገሙልኝ። ኩፍኝ ወጥቶበት ምን ሆነ?"

ወይዘሮ ሰዒዳ ምንም አልጠረጠሩም። ልጅቱ ስለ ሙዓዝ ልጅነት ለማወቅ መጓጓቷ ደስ አሰኛቸው። ቀላሏ ኩፍኝ እንደነበረች፣ ብዙም ሳትቆይ እንደተወችው ነገሯት። ወዳጃ ተደርጎ፣ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ ልጁ በየተራ ቢታቀፍ ማንም ላይ አልረጋም። ከዘሀራ ጭን ላይ ግን ተለጥፎ አልወርድ አለ።

"እሳት ነበር ገላው። እሷ ናት ያበረደችው።"

"መቼ ነበር?"

"ግንቦት ነው። አንቺ ዘመን ተለውጦ በታኅሣሥ ተወለድሽ። ገንፎውን ያበላኋት እኔ ነኝ!" ወደ ዘሀራ ዞረው በስስት ተሳደቡ። "ያኔ እኮ ነፍሰ ጡር መሆኗን ደብቃን ነበር፣ ይቺ ተንኮለኛ። ዓይን ፈርታ። ሆዷ ሲገፋ ነው ያወቅነው።"

 ከግንቦት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ለመቁጠር ጣት አያስፈልግም። ሙዓዝ የሐኪሙን ቃል ለእናቱ በቃሉ ሲያነበንብ የከረመ ሰው ነው፤ በስንተኛው ወር፣ በምን ዓይነት ሽፍታ፣ ምን ምን እንደሚጎዳ ከማንም በላይ ያውቃል። ሰልዋ ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ያለው ደም ቁልቁል ሲወርድ አየችው።

በመጨረሻ የገባቸው ወይዘሮ ሰዒዳ ናቸው። የልጃቸውን ፊት አዩ፤ ከዚያ የሰልዋን ጆሮ፤ ከዚያ የዘሀራን እጅ፣ ጭናቸው ላይ የተጣበቀውን። "ኩፍኝ እኮ..." አሉ፤ "ኩፍኝ እኮ ልጅ ሁሉ የሚወጣበት ነው።" ለማን እንደተናገሩት አይታወቅም። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ከዘሬ እንዳትገባ ብለው የመጡባት ልጅ የተጎዳችው ከእሳቸው ቤት በወጣ ትኩሳት ነው።

ሸህ ሚስባህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነገሩ የአላህ ቀደር፣ እሱ የጻፈው እንደሆነ ተናገሩ።

"ቀደር መሆኑንማ አውቃለሁ ሸህ" አሉ ወይዘሮ ዘሀራ። "እናንተ ስታውቁት ቀደር ሆነ። እኔ ብቻዬን ሳውቀው ግን ዘር ነበር።"

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሳይናገሩ ተነሱ። ሙዓዝም ተከትሏቸው ወጣ።  ያን ቀን ከዚያ ቤት የወጡት ሁሉ ከፍርድ ቤት እንደወጣ ሰው ነበሩ፤ ማን እንደተፈረደበት ግን አንዳቸውም አያውቁም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሰልዋ እናቷን ከፊቷ አስቀመጠቻቸው። አልጮኸችም። መቼ እንዳወቁ ጠየቀቻቸው። ሐኪሙ በነገራቸው ቀን፣ ቃሉን ሳይጨርስ እንዳወቁ ነገሯት።

"እና ለምን ዝም አልሽ?"

"ምን ልበል? የሰው ሕፃን አቅፌ ያዘኝ ልበል?" እጃቸው ቀሚሳቸውን ያፍተለትላል። "ሰው ጥፋተኛ ካገኘ አይለቅም ልጄ። አንቺን ደንቆሮ ያለ ሰፈር እሱን ምን ሊለው ነው? ያቺን ልጅ ያደነቆረ እያሉ ያሳድጉት? ያ ልጅ ከሁሉ እቅፍ የእኔን መርጦ የተኛ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው አንቺን ሲሰድብ..."

"እኔ ትልቅ ሰው ነኝ።"

ከዚያ ወዲያ የተናገሩትን ሰልዋ የለቀመችው በግማሽ ነው፤ እንባቸው ከንፈራቸውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ትኩሳቱ እስካሁን ጭናቸው ላይ እንዳለ ነገሯት። ሶላት ላይ ሲቀመጡ፣ መኪና ውስጥ ሲሳፈሩ፣ ሥራ ፈተው ሲቀመጡ ይመጣል፤ ክብደቱም ያው የሦስት ዓመት ልጅ ክብደት ነው፤ አላደገም። ያኔ ነፍሰ ጡር ነኝ ብለው ቢሆን ሴቶቹ ልጁን ይቀበሏቸው ነበር ይላሉ ለራሳቸው። ደግሞ መልሰው፣ ማን አውቆ ነው የሚቀበላቸው ይላሉ። ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ። ሙዓዝ የሐጂ ሀምዱ ልጅ መሆኑን የሰሙ ዕለት ደግሞ ያ ሕፃን ጢም አብቅሎ በሩን ሲከፍት አዩት።

"እንዳትጠዪው ፈርቼ ዝም አልኩ። ከወደድሽው በኋላ ደግሞ እንዳታውቂ ፈራሁ" አሏት።

ሰልዋ ንዴቷን የምትጥልበት ፈለገች። ሕፃኑ ላይ መጣል አይቻልም። እናቷ ላይ መጣል አይቻልም። ሴቶች ዓይን ፈርተው ጽንሳቸውን እንዲደብቁ ያስተማራቸው ሞልቷል፤ ከምን መደበቅ እንዳለባቸው ያስተማራቸው ግን የለም። ይህን ያህል የሚያውቅ ዓለም፣ ይህን ያህል ዝም ያለ ዓለም! ንዴቷ የሚቀመጥበት ወንበር አጥቶ ቤቱ ውስጥ ቆሞ አመሸ።

ሙዓዝ ከሽማግሌው እሑድ በኋላ የጻፋቸው መልእክቶች ሁሉ በአንድ ቃል ይጀምሩ ነበር፦ ይቅርታ። ድሮ ስለ ብርዱ ይጽፋል፣ ስለ እናቱ ይቀልዳል፣ ቀሚሷ ላይ ያያትን ቁልፍ ያወድሳል። አሁን ዓይኗን ይጠይቃል፣ ልቧን ይጠይቃል፣ ደሴ ላይ ስለሰማው አዲስ የጆሮ ሐኪም ይጽፋል። ሰልዋ ታነባለች፤ አትመልስም። በመጨረሻ ራሱ ወርዶ ቦርከና ወንዝ ዳር አገኛት።

ፊት ለፊቷ ቆመ። አፉን በሰፊው ከፈተ።

"ሰልዋ... እኔ... ነኝ... ያደረግኩብሽ..." አለ፤ እያንዳንዱን ቃል ለሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ቆርሶ፣ ለይቶ።

ሰልዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"እንዲህ ማውራት መቼ ጀመርክ?"

አልገባውም። ዕድሜ ልኩን እንደሚክሳት፣ እናቱ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም እንደሚያገባት፣ ከአጠገቧ እንደማይለይ በዚያው በሰፊ አፉ ነገራት። ዓይኖቹ ከንፈሯ ላይ አልነበሩም፤ ዓይኗ ላይም አልነበሩም። ጆሮዋ ላይ ነበሩ። መሐላውን ያፈረሰ ሰው የሚጾመውን፣ የሚያበላውን፣ የበደለበትን የሚያስሰርዝበትን ነገር ከፋራ እንደሚሉት ሰልዋ ከልጅነቷ ታውቃለች። ያን ሰዓት ያ ከፋራ ራሷ እንደሆነች አየች።

"አባቴ ሲያየኝ ነውር አየ" አለችው። "እናትህ ሲያዩኝ ዘር አዩ። እኔን ያየኸኝ አንተ ብቻ ነበርክ። አሁን አንተም ጥፋትህን ነው የምታየው።"

"ሰልዋ..."

"ከፋራ አልሆንህም ሙዓዝ። የምታበላው ድሃ ፈልግ።"

ጥላው ሄደች። ከኋላዋ ጠርቷት ይሆናል። ባለመስማቷ ያን ቀን ብቻ አመሰገነች፤ ወዲያውም ማመስገኗ አስለቀሳት።

ደሴ ደግሞ ሥራ አልፈታም። ወይዘሮ ሰዒዳ ሸህ ሚስባህን ልከው፣ ከእንግዲህ በእሳቸው በኩል ተቃውሞ እንደሌለ፣ ልጅቱ እንደ ልጃቸው እንደሆነች አስነገሩ። ሸሁ መልካም ወሬ የያዘ ሰው ፊት ይዘው ነበር የመጡት። ሰልዋ በአክብሮት አዳመጠቻቸው።

"ሸህ፣ በሩን ትናንት በዘር ዘጉብኝ፤ ዛሬ በሐፍረት ከፈቱልኝ። እኔ ሁለቱንም አላንኳኳሁም" አለቻቸው። "እርስዎ ይምከሩኝ፤ በየትኛው ልግባ?"

ሸህ ሚስባህ ብዙ መልስ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ለዚህኛው ግን ጢማቸውን ብቻ አሻሹ፤ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሏትና ሄዱ።

 የሙዓዝ መልእክት ቆመ። ጨርቁን ሌላ ሹፌር ያመጣ ጀመር። ሰልዋ መርፌዋ ስር የሚሮጠውን ጨርቅ በጣቷ እየመራች፣ ስልኳን እያየች፣ እያየች በማየቷም በራሷ እየተናደደች ከረመች። እናቷ አንድም ቀን "ተይው" አላሏትም፤ "መልሺለት"ም አላሏትም። ሁለቱም በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ላለመቀስቀስ የሚጠነቀቁ ይመስል በእግር ጣታቸው ነበር የሚራመዱት።

አንድ ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተ። ሙዓዝ ነው። ከስቷል። ጣቃ አልያዘም፤ ሰላም አላለም።

"ሸሁን ጠየቅኳቸው" አለ ገና ደፉን ሳይሻገር። "የሦስት ዓመት ልጅ ላይ ኃጢአት አይጻፍበትም፣ ከፋራ የለብህም አሉኝ። እኔ ግን ጾምኩ። ለአንቺ አይደለም፤ ለራሴ ነው የጾምኩት፤ ውስጤ አልተወኝም ነበር። ጾምኩ፣ አበላሁ፣ አለቀ። አሁን የመጣሁት ልጣላሽ ነው።"

ሰልዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ እግሯን አነሳች።

"አንቺ ማነሽ በእኔ ዓይን ውስጥ ምን እንዳለ የምትወስኚው? አንድ ቀን ደነገጥኩ! አንድ ቀን እንደ ሞኝ አወራሁ! አባትሽ በዘር ፈረደ፤ አንቺ ደግሞ በትኩሳት ፈረድሽብኝ። ልዩነቱ ምንድነው? እኔ ያ ልጅ መሆኔን መርጬ ነው? አንቺ ጆሮሽን መርጠሽ ነው? ጻፍኩልሽ፣ ጻፍኩልሽ፣ ግድግዳ እንኳ..." እየተናገረ በጠባቧ ቤት ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር፤ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ወደ ጨርቁ መደርደሪያ ዞረ፤ እጁ ይወራጫል፤ ጀርባው ሁሉ ይናገራል፤ አንገቱ ሥር ያለው ደም ሥር ተገትሯል።

ሰልዋ ዝም ብላ አየችው። የሚያዝንላት ሰው እንዲህ አይቆጣትም። አፉን አላሰፋላትም፤ ቃሉን አልቆረሰላትም፤ ፊቱን ይዞላት መቆምን ራሱ ረስቶታል። የተናደደበት ሰው እሷ ናት፤ ጆሮዋ አይደለም፣ ልቧ ላይ ያለው ጠባሳ አይደለም፣ የግንቦት ትኩሳት አይደለም። እሷ፣ እልኸኛዋ ሰልዋ።

ጨርሶ ሲዞር እያለከለከ ነበር።

"ግማሹ አመለጠኝ" አለችው።

"የቱ?"

"ስትዞር የተናገርከው። ድገመው።"

ቆመ። ማፈር ከጀለው፤ ድምፁን ሊያለሰልስ እንዳሰበም ከከንፈሩ አየችው።

"ሳትቀንስ" አለችው። "እንዳለ ነው የምፈልገው።"

ደገመው። ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ በራሱ ፍጥነት፣ ቁጣውን ሁሉ ደገመው። እሷም መለሰችለት። ይቅርታ ብሎ ስለጻፈላት መልእክት ሁሉ ሰደበችው፤ ቦርከና ዳር ስላጎረሳት ቃል ሰደበችው፤ መጥፋቱንም ሰደበችው። በጓሮ በር በኩል ወይዘሮ ዘሀራ የታጠበ ልብስ እንደያዙ ቆመው ያዩዋቸዋል፤ ሁለቱም አላዩዋቸውም።

ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሙዓዝ ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ አሁን ደክሞት ነበር።

"ለጋብቻ ነው ለእርቅ?"

"ሽማግሌው ያው ነው።"

"እንግዲያ ሁለቱን በአንድ ቀን ይጨርሱልን" አለች ሰልዋ። "ግን አሁን አይደለም። ገና አልጨረስኩም፤ የምጣላህ አለኝ።"

ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑ ሞላ። ሰልዋ ግን አልሳቀችም። ይህ ሰው በዚህ ቤት በገባ ቁጥር ያ ትኩሳት ያለበት ሕፃን አብሮት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ልጅ በወለዱ ቀን፣ ልጃቸውን መጀመሪያ ባተኮሰው ቀን፣ ሁልጊዜም መጥቶ በመካከላቸው እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ፈራች። ደስም አላት። ሁለቱን ለመለየት ሞከረችና አልቻለችም፤ ከዚያ መለየቱን ተወችው።